የታችኛው ክንፍ

የጦርነት ሽታ ባሩድ ነው ይላሉ፤ አይደለም። ለእኔ የተምች ወጥመድ ሽታ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ የሚቀመጠው መርዝ፣ የሞቱ የእሳት እራቶችና የበልግ ጭቃ ተቀላቅለው የሚሸቱት። ዛሬም የተባይ መድኃኒት በሚሸጥ ሱቅ ሳይ መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ።

አባቴ በመርሳና በሲሪንቃ መካከል ያሉትን ወጥመዶች ይቆጣጠር ነበር። በበልግ በየጠዋቱ ወጥመዱን ገልብጦ፣ የወደቁትን የእሳት እራቶች ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ እኔንና የጎረቤታችንን የሼህ ሰይድን ልጅ ዘይነባን ያስተምረን ነበር። የላይኛው ክንፍ የሁሉም ቡናማ ስለሆነ ያታልላል፤ የታችኛውን ገልጣችሁ እዩ ይለን ነበር። ነጣ ብሎ ጥቁር ሥር ከተዘረጋበት ተምች ነው፣ ትሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡቃያውን ያወድማል፤ ጠርዙ ላይ ሰፊ ጥቁር ጥለት ካለው ግን ጓይ የሚባለው ሌላ እራት ነው፣ ቡቃያ አይነካም። ሼህ ሰይድ «አንተ ታደሰ፣ የእሳት እራት ቀሚስ ስትገልጥ ልታረጅ ነው!» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ጦርነቱ በመጣበት ዓመት በልጉ ሊወጣ ሲል ከወልድያ በኩል መድፍ ይሰማ ጀመር፤ ድምፁ በየቀኑ እየቀረበ ሲመጣ መንደሩ ወደ ተራራው መሸሽ ያዘ። አንድ ጠዋት ወጥመዱ እስከ አፉ ሞልቶ ተገኘ። ሼህ ሰይድ እየሮጡ መጡ።

«ተምች ከሆነ ወላሂ ንቅንቅ አልልም! ትሉ የሚወድቅበት ቦይ ቆፍሬ ማሽላዬን አስጥላለሁ። ልጆቹም ይቆፍራሉ።»

አባቴ አንዱን አንስቶ ክንፉን ገለጠና ወዲያው መልሶ ዘጋው። «ጓይ ነው ሼህ። ልጆቹን ይዘው ይውጡ።»

«በደንብ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ አልኩዎት እኮ!»

እኔም አይቼዋለሁ፤ ነጭ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ጥለት የለውም። ዘይነባ ዞራ በዓይኗ ስትጠይቀኝ፣ «አዎ፣ ጓይ ነው» አልኳት።

ክረምቱ ሲገባ ተመለስን። ጦሩ በአውራ ጎዳናው አልፎ ሄዷል፤ ሰፈራችን ላይ አንድም ጥይት አልወደቀም፤ የሼህ ሰይድ ማሳ ግን እንደተጠረገ ግቢ ሆኖ ጠበቃቸው። በመኸር፣ ሳይሸሹ የቀሩት ጥቂቶች ቦይ ቆፍረው ያስጣሉትን ሲያጭዱ፣ እሳቸው በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር፤ ደጃችንንም ዳግመኛ አልረገጡም። ዘይነባ በበጋው ታመመች፤ የተራበ ሰውነቷ አልቻለም፣ የሚቀጥለው በልግ ሳይገባ ቀበርናት።

በቅርቡ ጦርነት የአባቴን ወጥመዶች የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩና ተራው የእኔ ሆነ። ጎረቤቶቼ እንሽሽ ወይስ እህላችንን እንጠብቅ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ማሳው ላይ ተምች መኖሩንም፣ ጦሩ መቅረቡንም፣ የማውቀውን ሁሉ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ከእነሱ ሦስቱ ለእህላቸው ብለው ቀሩ፤ አንዱን ጥይት አግኝቶት ቀበርነው። ዛሬ ስልኬ ክንፉን ፎቶ አንስቶ ስሙን ወዲያው ይነግረኛል፤ ለጎረቤቴ ምን እንደምለው ግን እስካሁን አልነገረኝም። እባካችሁ፣ የትኛው ይሻል ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ።