«ፍቀድ» ሳይባል የሄደ መርዶ

የዕድራችን ጸሐፊ የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም፤ በስብሰባው ስላልተገኘሁ ነው። በሌለሁበት መረጡኝ። ሰው ባረፈ ቁጥር ለአባላቱ ሁሉ ኢሜይል መላክ የእኔ ዕዳ ሆነ። ሰነፍ ነኝና የሟቹን ስም መዝገብ ላይ ሳሰፍር ማስታወቂያውን ራሱ ጽፎ የሚልክ ኮድ ሠራሁ።

የኢሜይል ፕሮግራሙ ግን እንደ ቀበሌ ዘበኛ ነው። ኮዱ ሊልክ ሲል ያስቆመውና «ሌላ ፕሮግራም በስምህ ሊልክ ነው፤ ልፍቀድ?» ይለኛል። ሥራ ይቀንስልኛል ባልኩት ኮድ ፊት ተጎልቼ «ፍቀድ»ን መጫን! ደግሞ የአባላቱ ዝርዝር በሙሉ ለኮዱ አንድ አድራሻ ነው፤ ከውስጡ አንድ ሰው ነጥሎ ማስቀረት አይችልም። ይህኛውን ጉድለት ናቅሁት። ለዘበኛው ግን «ፍቀድ»ን በእኔ ፈንታ የሚጫን ሁለተኛ ኮድ ጽፌ አፉን አስዘጋሁት። አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራሁ።

እዚሁ ስደት አገር፣ ከከተማችን ዳር ዊንደም ቬል የምትኖር የአንዲት አባላችን ወንድም አገር ቤት አረፈ። እንደ አባት ያሳደጋት እሱ ነው። አልሰማችም። ወጉ የታወቀ ነው፤ ማለዳ ሽማግሌ ሄዶ፣ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ይነገራታል። ሊነገራት በታሰበበት ማለዳ፣ እንደ ልማዴ ከቤት ስወጣ ስሙን መዝገቡ ላይ አሰፈርኩ። ድሮ ማስታወቂያው ተመልሼ «ፍቀድ» እስክለው ይጠብቀኝ ነበር። የዘበኛውን አፍ ማስዘጋቴን ረሳሁ።

መርዶውን የሚነግሯትን የዕድሩን ሊቀመንበር ከዌስት ፉትስክሬይ ይዤ፣ ወደ ቤቷ ስንሄድ ሆፐርስ ክሮሲንግ ላይ ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው የደረሳቸውን ማስታወቂያ አነበቡት።

«አንተ! የሟቹ ስም ለእኔ ምን ይሠራልኛል? አብሬህ አይደለሁ እንዴ?»

«ለሁሉም ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።»

«ለእሷም?»

መኪናውን ዳር አቁሜ አፈጠጥኩባቸው።

«በእግሬ ተራራ ወጥቼ መርዶ የነገርኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ቀን ቀድሞኝ የደረሰ የለም። አንተ በመኪና ይዘኸኝ አስቀደምክብኝ! ንዳ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ?»

በሩን ስትከፍት የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ስልኳ በእጇ ነው። ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ባታየኝም እውነቷን ነው። ለሊቀመንበሩ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«አንብበሽው የለ፣ ልጄ?»

«አንብቤዋለሁ። ሰው ይንገረኝ።»

እጇን ይዘው ነገሯት። ያኔ ጮኸች።