አባቴ የመረጡልኝ ቃል

በቤታችን አጭር ሰው የለም። እኔ ግን ወንድሞቼንም በልጬ ስለወጣሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ስሜ ቀርቶ «ቀውላላዋ» ሆንኩ። ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት ስቀጠርም ባልደረቦቼ ብዙ ሳይቆዩ ያንኑ አነሱት። በክፋት አልነበረም።

ባለቤቴን ያወቅኩት እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከአርባ ምንጭ በኩል የመጣ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ቁመቱ ትከሻዬ ላይ ይደርሳል። እኔን ፍለጋ ሲመጣ «ቀውላላዋን ነው?» ይሉታል። ትርጉሙን ቢጠይቃቸው «ረጅም ማለት ነው» አሉት። ከዚያ ወዲህ እሱም «የኔ ቀውላላ» ይለኝ ጀመር። ቅር ይለኝ ነበር፤ ግን ፈገግ ብሎ ስለሚለኝ ዝም አልኩ።

ሽማግሌ ልኮ አባቴ ከፈቀዱ በኋላ ቤተሰብ ሊተዋወቅ አብረን ሄድን። ቤታችን ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ስለሆነ መኪናው ካወረደን በኋላ ዳገቱን በእግር ወጣን። እናቴ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበች። እሱ በልቶ ሲያበቃ ብድግ አለና ለአባቴ እጅ ነሳ።

«አባባ፣ ይህችን ቀውላላ ልጅዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባቴ ወደ እሱ ዞሩ።

«ቃሉን ማን ነገረህ፣ ልጄ?»

«የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ረጅም ማለት አይደል?»

«ረጅም ማለትስ ነው። ግን ቁመት ብቻ ኖሮት ለዛ የሌለውን ነው እንዲያ የምንለው። ረጅም ብትላት ግድ የለም፤ ግንዱም ገመዱም ረጅም ይባላል። ዘለግ ያለች ብትል ደግሞ ጨዋ አነጋገር ነው። ለጎበዝ ወንድ ሎጋ እንላለን። እሷ መለሎ ናት።»

አባቴ ስለ ቁመቴ ክፉም ደግም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንገቴን ደፍቼ የድንቹን ልጣጭ መሰብሰብ ያዝኩ።

እሱ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ቀጥሎም «እንደኔ አጭር ለሆነውስ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀ።

አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተማ ደልዳላ ነህ» አሉትና ሳቁ። ያኔ እናቴም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እያወቅክ የምትቀልድ መስሎኝ።»

«እያወቅኩ እንዲያ እልሻለሁ?»

አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። የተናደደው በእኔ ሳይሆን በራሱ ነበር።

ጥር ላይ ተጋባን። አሁን ግራ የሚያጋባ ቃል ሲገጥመው እኔን አልፎ ለአባቴ ይደውላል። በቀደም «ጎራዳ» ስድብ ይሁን አይሁን ሲጠይቃቸው ሰማሁ። ስለ ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረኝም።