የሁለት ክዳን ዳቦ

ሰኔ ሦስት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቶቻቸው «ባለ ሽርጧ» የሚሏቸው ሴት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆመው ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር።

ወጥ ቤቱ ኦቨን የለውም። ያለው ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ፣ አሸዋ የተነጠፈበት ብረት ድስትና ሁለት ከባድ ክዳኖች ናቸው። አንዱ ክዳን ድስቱን ሲከድን ሌላው በጎን እሳት ላይ ይግላል፤ መቶ በተቆጠረ ቁጥር ቦታ ይለዋወጣሉ። ዳቦው ከላይም እንዲቀላ ብልሃቱ ይኸው ነው። ቆጠራውን ለማንም አያቋርጡም።

«እትዬ፣ ሰውየው መጣ እኮ!» አለች ጎረቤታቸው በሩን በርግዳ።

«ሰማንያ አንድ!» ሲሉ ተቆጧት።

«ልቤ ሊፈነዳ ነው!»

«ሰማንያ ሁለት!»

የመጣው ዳቦ ሊያቀርቡለት የሚሞክሩለት የሰፈሩ ካፌ ባለቤት ነበር። ትናንት፣ «እማማ፣ አናቱ የነጣ ዳቦ ለደንበኛ አላቀርብም፤ ነገ የመጨረሻ ሙከራዎ ነው» ብሏቸዋል።

በሽርጣቸው ላይ የተጠለፈው ድሮ ይሠሩበት የነበረው ዳቦ ቤት ምልክት ደብዝዟል። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ሽርጡ ግን ዛሬም ተተኩሶ ይታሰራል። ሥራውን የሚያከብር ሰው የሚያየው ባይኖርም እንዲህ ይለብሳል።

«መቶ!»

ክዳኑ ተነሣ። አናቱ ቀልቶ ያብረቀርቃል! ዳቦውን ገልብጠው በጣታቸው ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ መለሰላቸው። ሰውየው ቆርሶ ቀመሰና ወጥ ቤቱን በዓይኑ በረበረ።

«እማማ፣ ኦቨኑን የት ደበቁት?»

«መቁጠር ትችላለህ?» አሉት፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ኦቨን በሌለበት ወጥ ቤት አናቱ የቀላ ዳቦ ጋገሩ፤ ከነገ ጀምሮም በየማለዳው ለካፌው ሁለት ትልልቅ ዳቦ ያቀርባሉ።