በግራው ያማተበው አባቴ

ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም በመንገደኛ የላከልኝን የእንጨት ሳጥን በከፈትኩ ዕለት፣ እዚህ ስዊድን ያለችው አንዲቷ ክፍሌ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተች፤ ፊልም ሲያረጅ ጠረኑ እንዲህ ነው። አባታችን የሳይንስ መምህር ሳለ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ሙዚየም እየገባ ያነሳቸው ስላይዶች፣ በካርቶን የታቀፉ ትንንሽ የፊልም ምስሎች ናቸው፤ ገለባ የተሞሉት አውሬዎች፣ በመርፌ የተሰኩት ቢራቢሮዎች፣ በየካርቶናቸው ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ነብር፣ በመስታወት ውስጥ» እየተባለ ተጽፎባቸው እንደ ተሰደሩ አሉ። ወንድሜ የፈለገው ግን አንዷን ብቻ ነበር። ሌላውን ሲያነሳ የኖረው አባታችን እሱ ራሱ የተነሳው በዚያች ብቻ ነውና፣ ለሙት ዓመቱ በትልቁ አሳትሞ እንዲሰቅላት እዚህ በማሽን ቀድቼ በስልክ እንድልክለት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መብራት ካለ፣ መስኮቱን በጋቢ እንጋርድና ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ እንወጥር ነበር። ስላይዱን ፕሮጀክተሩ ውስጥ ማስገባቱ የእኔ ሥራ ነው። አባቴ በየጥጋቸው ባደረገው ቀይ ነጥብ ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌ፣ ምስሉን ዘቅዝቄ እከተዋለሁ፤ «ተዘቅዝቃ ካልገባች ቀና ብላ አትታይም» ሲለኝ፣ ስለ ትሕትና የሚሰብከኝ ይመስለኝ ነበር። ከግሽ ዓባይ መጥተው ቅኔ የሚያስተምሩት ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳኑ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለየአውሬው ቃል አያጡለትም። ነብሩን ሲያዩ «ዕድሜ ልኩን ሥጋ ቆርጥሞ መጨረሻው ገለባ!» ይሉና ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

አንድ እሑድ ነጥቧን ሳላይ አንዷን በጀርባዋ አስገባሁ። አባቴ በሙዚየሙ ጉሬዛ የመስታወት ዓይን ደንግጦ ሲያማትብ ጓደኛው ያነሳው ነው፤ አንሶላው ላይ ብቅ ሲል ግን የሚያማትበው በግራ እጁ ሆነ። መሪጌታ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«አንቱ መምህር! ይህች ጉሬዛ ግራ አጋባችዎ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አባቴማ እንባው እስኪወርድ። እኔ ክርስትናውን የገለበጥኩበት መስሎኝ አለቀስኩ። መሪጌታ ራሴን እየዳበሱ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀኙንም ግራውንም የፈጠረው እሱ ነው። ብቻ አዙሪው» አሉኝ።

ያችኑ ስላይድ ነው አሁን የቀዳሁት። ቀይዋ ነጥብ ለቅቃለች። ሦስቴ አይቼ ነበር የላክሁት፣ ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነኝና፤ ለካ ዓይኔ ከአባቴ ፊት ተነስቶ እጁን አላየም። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ወንድሜ የሳሎኑን ግድግዳ አንስቶ ሲልክልኝ፣ አባቴ በትልቅ ፍሬም ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በግራው ያማትባል።

በስመ አብ ብዬ ደወልኩ።

«ስለ ፎቶው ሰው ምን አለ?»

«አምሮበታል አሉ፣ እታለም። ካህናቱም አዩት።»

«ሌላ ምንም አላሉም?»

«ምን ይበሉ ኧረ?»

ወንድሜ ያኔ አልተወለደም፤ ምን ብዬ ልንገረው። መሪጌታም ካረፉ ቆዩ። ቤት ሙሉ ሰው ሲበላ ሲጠጣ፣ ሲያስቀድስ የኖረ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አይቶት፣ ከበርጩማው ብድግ ያለ አንድም አልነበረም። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ስላይዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋት። አዞርኳት፤ በቀኙ አማተበ። መልሼ አዞርኳት፤ በግራው።

«አንቱ መምህር!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ የቀረውን የሚሞላልኝ ጠፋ።