የካይሮ እንግዶች

ሰው የሚያውቀኝ በድምፄ ነው። ጎፋ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ «ስንት ነው?» ስል እንኳ ሻጯ ቀና ትልና «እርስዎ የስታዲየሙ አይደሉም?» ትለኛለች። አዎ፣ የስታዲየሙ ነኝ። እሁድ እሁድ አሰላለፍ የማነብ፣ ጎል ያገባውን የምጠራ፣ እናቱ የጠፋችበትን ሕፃን በማይክሮፎን የማፋልግ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ ይህን የሚያስታውስልኝ ሰው የለም። ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬም ያናድደኛል።

በደርግ ጊዜ እዚያው ጎፋ አካባቢ አስራ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከላፍቶና ከፉሪ ማሳ ለማሳ አቋርጠው፣ የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ እያራገፉ የሚገቡ ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ግን ለታሪክ አልነበረም። የሚፈልጉት የእሁዱን ጨዋታ እንዳወራላቸው ነው። በተለይ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ቀልደኛ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ይጠብቅና አፍንጫውን ይዞ፣ ቁርጥ በእኔ ድምፅ፣ «ቁጥር ዘጠኝ ወጥቶ ቁጥር አስራ አራት ገብቷል» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንዳንዴ እኔንም ያስቀኛል፤ ይኼ ደግሞ ይብስ ያበግነኛል።

የራሳችንን ነገሥታት ማስተማር ጣጣ ሆኖ ነበር። እያንዳንዱን «ፊውዳሉ» ብለህ ካልጀመርክ የትምህርት ቤቱ ካድሬ ቢሮው ያስጠራሃል። ስለዚህ ወደ ግብፅ ሸሸሁ። አንድ ገዥ የሚፈራቸውን የጦር አለቆች ካይሮ ምሽግ ውስጥ ድግስ ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ በክብር እንዴት እንደሸኛቸው አስተማርኩ። እንግዶቹ በጠባቡ መንገድ ተሰልፈው ሲወርዱ የታችኛው በር ይዘጋባቸዋል፤ ከዚያ ከግንቡ ላይ ጥይት ይዘንባል። ርዕሱን «የካይሮ እንግዶች» ብዬ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ሳልደርስ ቀልደኛው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ካይሮዎች መቼ ነው የሚመጡት?»

«የት ነው የሚመጡት?»

«ስታዲየም ነዋ። ከእኛ ጋር ሊጫወቱ ነው ሲባል ሰምቼ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስተምራል? አንዱ በረኛቸውን ያነሳል፣ ሌላው አጥቂያቸውን፤ እኔ «ዝም በሉ» እያልኩ ደወል ተደወለ። ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሁድ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ካድሬ ከታጠቀ ሰው ጋር የማይክሮፎን ክፍሌ ድረስ ወጣ። «ጨዋታው እንዳለቀ ሕዝቡ በኋላው በር ብቻ እንዲወጣ ትናገራለህ» አለኝ። በጀርባዬ ባለው መስኮት ቁልቁል አየሁ። የኋላው በር ላይ ሸራ የለበሱ ወታደራዊ መኪኖች ተደርድረዋል። ወጣቱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ጊዜ ስለነበር የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። ፊት ለፊት፣ ከክፍሌ ሥር፣ ተማሪዎቼ በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። ቀልደኛው እጁን አውለበለበልኝ።

ሌሎቹ በሮች ገና አልተዘጉም። አሁን ተነስተው ቢሄዱ ያመልጣሉ። በግልጽ ብናገር ግን ማይክሮፎኑንም እኔንም ይወስዱና በሮቹን ወዲያው ይዘጋሉ። እነዚህ ልጆች ብቻ የሚያውቁት ቃል ፈለግሁ፤ አገኘሁም። የተጫዋች ቅያሪ ተናገርኩና አስከትዬ፣ «የካይሮ እንግዶችን አስታውሱ» አልኩ። ደገምኩት።

ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ታክሲ ሳይጨናነቅ ልሂድ ብሎ ወደ በሩ ያመራው ሁሉ የጨዋታውን ቀን ልስማ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ካድሬው እንኳ ጠጋ ብሎ «መቼ ነው የሚመጡት?» አለኝ። ተማሪዎቼን አየሁ። ቀልደኛው ወንበሩ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን አፉ ላይ ገጥሞ ወደ እኔ ይጮኻል። አይሰማኝም፤ ግን ከንፈሩን አነበብኩ። «መቼ?» ነው የሚለው።

ፊሽካው ተነፋ። ካድሬው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። የበሩን ማስታወቂያ አሰላለፍ በማነብበት ድምፅ ተናገርኩ።

ሰኞ ዕለት የኋላ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ለቀሩት አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። በእነዚያ ልጆች ለረጅም ጊዜ ተናድጃለሁ። ማዘን ሲገባኝ መናደዴ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነብኝ። አንዲት ሰዓት፣ አንዲት ትምህርት ቢያዳምጡኝ ምን ነበረበት?

ከዓመታት በኋላ ጎፋ ገበያ ሽንኩርት ስጠይቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው በአፍንጫው «ቁጥር ዘጠኝ ወጥቶ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ዞርኩ። ቀልደኛው ነው። የግራ እጅጌው ባዶ ነው፣ ጫፉ ኪሱ ውስጥ ተሸጉጧል። አቀፍኩት።

«ቲቸር» አለኝ፣ «በሩ ሲዘጋ ገባኝ። መኪናው ላይ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ድግሱን፣ ጠባቡን መንገድ፣ ሁሉንም። አንዱ ‹ያመለጠ የለም?› ብሎ ጠየቀኝ። እሱን አላውቅም አልኩት። ነበር እንዴ?»

«ነበር» አልኩት። «አንዱ ከነፈረሱ ከግንቡ ዘሎ አምልጧል ይባላል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«እሱ ጋ ሳልደርስ ደወል ተደወለ።»