አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ምሽት እናቴ ከአንኮበር ይዛልኝ የመጣችውን በሶ ሻንጣዬ ውስጥ እየጠቀጠቀች የመጨረሻ ምክሯን ሰጠችኝ። "ሰው ቤት ብይ ስትባይ ቶሎ እሺ እንዳትይ። አንዴ ሲጠይቁሽ እምቢ በይ። ሁለቴ ሲለምኑሽ እምቢ በይ። በሦስተኛው ትቀምሻለሽ። ያለዚያ የማን ስስታም ልጅ ናት ይሉሻል።" እኔም የተባልኩትን የምሰማ ልጅ ነኝና ይህንንም ከፓስፖርቴ ጋር ይዤው ወጣሁ።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ በትምህርት ክፍላችን ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለመምህርነት ባመለከትኩ ጊዜ ከኮሚቴው አንዱ፣ "ልጄ፣ ነገ ብታገቢና ባልሽ ይዞሽ ቢሄድስ?" አሉኝ። ገብስ ውርጭን እንዴት እንደሚቋቋም ሁለት ዓመት ያጠናሁትን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ቦታው "የቤተሰብ ኃላፊ ነው" ለተባለ ጓደኛዬ ተሰጠ። ስለዚህ ጀርመን አገር ለዶክትሬት ተቀበልንሽ ሲሉኝ፣ እዚያ የምጠየቀው ስለ ገብሱ ብቻ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እውነትም ስለ ባል የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቁኝ ስለ ኮንትራት ነው፤ እዚህ ዶክትሬት የሚሠራ እንደ ሠራተኛ በኮንትራት ይቀጠራል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ ሄልጋ ናቸው።

"ሥራሽ ቋሚ ነው?"

"የአንድ ዓመት ነው። ይታደሳል ተብያለሁ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"አማካሪዬ፣ ፕሮፌሰሯ።"

"የእሷስ ቋሚ ነው?"

እሱን አልጠየቅኳቸውም አልኩ። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ሄልጋ ሳቁና የቤቱንም ውል ለአንድ ዓመት ጻፉት።

ብርዱን አትፍሩ፤ ጣርማ በርን በክረምት ያለ ጋቢ የተሻገረ ሰው እዚህ ምንም አይሆንም። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ፕሮፌሰሯ እኔንና አብሮኝ የጀመረውን ሉካስን ቢሯቸው ጠሩን። ለሚቀጥለው ዓመት የተፈቀደው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው አሉን። ቀድመው ወደ እኔ ዞሩ።

"ትፈልጊዋለሽ?"

እንዴት አልፈልገው! የመኖሪያ ፈቃዴ እንኳ የተንጠለጠለው በዚያ ቦታ ላይ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ሰበር አድርጌ፣ "ግድ የለም፣ ሉካስ ይቅደም" አልኩና እስኪለምኑኝ ጠበቅኩ። አመሰገኑኝ።

"አንተስ?"

"እፈልጋለሁ" አለ ሉካስ፣ እጁን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ።

"ጥሩ" አሉና ማስታወሻቸውን ዘጉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ኮሪደር ላይ ባየኋቸው ቁጥር አሁን ሊደግሙልኝ ነው እላለሁ፤ እሳቸው "መልካም ቀን" ብለው ያልፋሉ። በአራተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ።

"እፈልገው ነበር" አልኳቸው። "እምቢ ያልኩት እንዲያው ለጨዋነት ነው።"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። "እምቢ ስትይ አመንኩሽ እኮ! ሉካስ ገና ሳልጠራው ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆኛል። አሁን ልቀማው አልችልም።" ማስታወሻቸውን መልሰው ከፈቱ። "ሌላ ቦታ ይኖር እንደሆነ ለፋኩልቲው እጽፋለሁ። ቃል ግን አልገባልሽም። የእኔም ኮንትራት በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል።"

ለካ ሄልጋ የሳቁት በከንቱ አልነበረም።

ይኸው አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ኢሜይሌን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ከኋላዬ የምትመጡ እህቶቼ፣ እዚህ ስትጠየቁ የልባችሁን ወዲያው መልሱ። ስስታም የሚላችሁ የለም።

ትናንት እናቴ ደወለች። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ስለ ዝናቡና ስለታመመችው በግ አወራችኝ፤ ከዚያ፣ "በሶው አልቆብሽ ይሆናል። ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልላክልሽ?" አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ኧረ አትቸገሪ" እላለሁ፤ "በሞቴ" ትላለች፤ እንዲህ እየተባባልን ካርዷ ያልቃል።

"አዎ፣ ላኪልኝ" አልኳት።

"ልጄ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምነው በአንዴ እሺ አልሽ?"