አንድ ድስት፣ ሁለት ቡራኬ

አሁንም እሑድ ጠዋት ከቤተክርስቲያኑ በኩል የከበሮ ድምፅ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን እያስተካከለ ደስ ብሎት ሲሄድ፣ እኔ መጀመሪያ ጥርሴን ነው የምነክሰው። ከበሮው ምንም አላደረገኝም፤ የሚመቱትም የተባረኩ ልጆች ናቸው። ግን ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር የአባቴ ፊት ይመጣብኛል፣ ከፊቱም ጋር የዚያ ዘመን እሑድ፣ ገና ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ የምንፈራው እሑድ፣ አብሮ ይመጣል።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአሸዋው ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ጥግ ላይ፣ ሁለት ቤት ያለው አንድ ግቢ ነበረን። በአንደኛው ቤት አባቴ ዮሴፍ፣ እናቴ፣ እህቴ ማርታና እኔ፣ በሌላኛው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጳውሎስ ከሚስቱ ከሊያና ከልጆቹ ጋር እንኖር ነበር። አባቴ በባቡሩ ወርክሾፕ ብረት ይበይድ ነበር፣ አጎቴ ደግሞ ባቡሩ ላይ ትኬት ይቆጣጠር ነበር። እሑድ ሲሆን ውሃ እንኳ ሳንቀምስ ወንዙን ተሻግረን ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ቅዳሴ እንሄድና፣ ቆርበን ስንመለስ፣ እናቴና ሊያ በአንድ ትልቅ ድስት የሠሩትን መኮሮኒ በስጎ ማንጎው ሥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርበን እንበላ ነበር። እናቴ እናት አባቷን ሳታውቅ መነኮሳት እጅ ያደገች ሰው ስለነበረች፣ ያ ጠረጴዛ ለሷ ከምግብ በላይ ነበር። «እኔ ዘመዴ ይሄ ማዕድ ነው፤ ይሄ ከተበተነ ማንም የለኝም» ትል ነበር።

የአባቴ ክብር ደግሞ ላቲን ነበር። ፊደል እንኳ በወጉ የማይለይ ሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ብቻ እየሰማ፣ የላቲኑን ቅዳሴ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ይዞ፣ ከፊት ቆሞ ለሕዝቡ ያዜም ነበር። ትርጉሙን አያውቀውም። አንድ ቀን ማርታ «አባዬ፣ ምን ማለት ነው?» ብትለው፣ «የሚሰማው ጌታ ያውቀዋል፣ አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎ አፏን አስያዛት።

በጥቅምት፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ፣ ሽማግሌው ፈረንጅ ቄሳችን ከሮም በመጣ ትእዛዝ ከእንግዲህ ቅዳሴው በአማርኛ እንደሚሆንና ከበሮም እንደሚገባ ተናገሩ። አባቴ ሲያዜምበት የነበረውን ቦታ ለቅቆ ከሕዝቡ መካከል ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊት የቆመው አጎቴ ጳውሎስ ነበር። ቤት ገብተን ገና ሳህኑ ሳይሞላ አባቴ ጀመረ።

«ቤተክርስቲያኑን ሰርግ ቤት አደረግኸው።»

«ሰርግ ቤትማ የሚባለው ነገር ለሰው ይገባዋል፣ ጋሼ» አለ አጎቴ፣ እየሳቀ።

«እኔ ያዜምኩት ሁሉ ከንቱ ነበር ነው የምትለኝ?»

«በቀቀንም እኮ ታዜማለች፣ ሙሴ ላቲን!»

ሙሴ ያኔ በድሬዳዋ ፈረንጅ የሚጠራበት ስም ነው። አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ አጎቴ አባቴን ጋሼ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሰውየው» ይለው ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባና ፀሐዩ መክረር ሲጀምር፣ ከስጎው ሥጋው ወጥቶ ቂሙ ገባበት ማለት ይቻላል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብድግ እያሉ፣ አባቴ «ቤኔዲክ ዶሚኔ ኖስ» ብሎ ሲያነሣ፣ አጎቴ «ጌታ ሆይ፣ ማዕዳችንን ባርክ» እያለ በላዩ ላይ ይጮህበት ነበር። እኛ ልጆች አሜን የምንልበት ቦታ ጠፋብን፤ ለአንዱ አሜን ያለ ልጅ ከሌላኛው ቁጣ ይጠብቀዋልና፣ ማርታ አፏን ብቻ ማንቀሳቀስ ፈለሰፈች፣ እኛም ተከተልናት። ፊት ለፊት ተቀምጠው በሚስቶቻቸው በኩል ነበር የሚነጋገሩት።

«ሊያ፣ ባልሽን ጨው አቀብል በይው» ይላል አባቴ።

«ሊያ፣ ጨው በላቲን ምን እንደሚባል ጠይቂልኝና አቀብላለሁ» ይላል አጎቴ።

አባቴ አያውቀውም፤ ያለ ጨው ይበላ ነበር። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር የአባቴን ጉልበት ይዛ «በእመቤታችን!» ስትለው እሰማት ነበር።

የፋሲካ ለት ግን ፈነዳ። ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አጎቴ ከበሮውን እየመታ ምስጋናው በአማርኛ ሲጀመር፣ አባቴ ከመካከላችን ተነሣና በዚያ ብረት በመሰለ ድምፁ ግሎሪያውን፣ ያንኑ ምስጋና፣ በላቲን ለቀቀው። አጎቴም የሰማ ሳይመስል አጠንክሮ መታ፤ አንዱ ሲያጠነክር ሌላው እየጨመረ ሄደና፣ ሕዝቡ ማዜሙን ትቶ ዞር ዞር እያለ እኛን ማየት ጀመረ። ቄሱ እጃቸውን አንሥተው ሁለቱንም ጸጥ ካሰኙ በኋላ፣ የቀረውን ቅዳሴ ያለ ዜማ በንባብ ብቻ ጨረሱት። ትንሣኤ እንደ ተዝካር ሆነ።

ቤት ስንደርስ አጎቴ አልተቀመጠም። ባዶ ሰታቴ ይዞ መጥቶ እናቴ ፊት ቆመ።

«የልጆቼን ድርሻ ቀንሺልኝ፣ እቴቴ። ሰውየው ካለበት ማዕድ አልቀርብም።»

«ጳውሎስ፣ ወንድሜ፣ በፋሲካ?»

«ስጪው!» አለ አባቴ። «ከበሮ መቺ ድሮም ቆሞ ነው የሚበላው።»

እናቴ የዶሮውን እኩሌታ ጨለፈችለት፤ ያን ሁሉ ጾም ጾማ የሠራችውን ወጥ፣ ያን ቀን አልቀመሰችውም።

ክረምት ሳይገባ አጎቴ ከበሩ ጀምሮ እስከ ማዕድ ቤቱ ድረስ ግቢውን በቆርቆሮ ከፈለው። ከዚያ ከደጋው በኩል ዘንቦ ወንዙ ጎርፍ ሲሞላ፣ ወደ ቤተክርስቲያን መሻገር ስለማይቻል፣ ሁለቱም እቤታቸው ሆነው በቆርቆሮው ወዲህና ወዲያ ይጸልዩ ነበር፤ ጸሎት ከተባለ። አንደኛው ዝም ብሎ ሌላኛው እስኪጀምር ይጠብቅና፣ ልክ ሲጀምር በላዩ ላይ ያንባርቅበታል። አንድ እሑድ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ፣ ሶማሌ ናቸው፣ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ።

«ኧረ አቦ፣ ሰፈሩን በጠበጣችሁት! እኛም በዐረብኛ ነው የምንሰግደው፣ ወላሂ ግማሹ አይገባኝም። ወንድሜን ግን አልሰድብበትም።»

«አያገባዎትም!» አለ አባቴ። «አያገባዎትም!» አለ አጎቴም ከወዲያ በኩል። በዚያ ዓመት ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

እናቴ ግን እጇን አልሰጠችም። ቆርቆሮው ማዕድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ስለሚያልቅ፣ እሷና ሊያ እንደ ድሮው በአንድ ድስት ይሠሩና፣ በክፍተቱ በኩል እየተካፈሉ ለየባላቸው ያቀርቡ ነበር። አባቴ የስጎውን ሳህን እየጠረገ «ያቺ ሊያ መቼም ምግብ መሥራት አትችልም፣ እነዚያ ምን እየበሉ ይሆን?» ሲል፣ እናቴ ፊቷን ወደ ማንጎው ታዞር ነበር።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ሲሆን፣ አጎቴ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። አባቴ ሥራ ላይ እያለ ዕቃቸውን ጭነው፣ ከኛ ጋር ብቻ ተሳስመው ሄዱ። በእሑዱ አባቴ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ብድግ ብሎ፣ ወደ ቆርቆሮው ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ቆየ።

«ጀምር እንጂ» አለች እናቴ። «ማንም የለም። ሄደዋል።»

ጀመረ፤ መካከል ላይ ሲደርስ ጠፋው። ያን ሁሉ ዓመት በቃሉ ያለው ሰው፣ ከላይ ጀመረ፣ እንደገና ጠፋው፣ ተቀመጠ። ድስቱን አየና «ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አለ።

«የወንድምህ ድርሻ ነው። ቆርቆሮ ብትተክሉም ስትበሉ የከረማችሁት ከዚሁ ድስት ነው። እጄ ለምዶ እንደ ድሮው ለሁለት ቤት የሚበቃ ሠራሁ።»

የሚጮህ መስሎን አንገታችንን ቀበርን። እሱ ግን ሳህኑን ሞልቶ በላ፤ ጨርሶ ደገመ፣ ሠለሰ። ላቡ በጉንጩ እየወረደ፣ ማንንም ሳያይ፣ እናቴ «ይበቃሃል፣ ትታመማለህ» እያለችው፣ ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ በላ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰው ከዚያ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ እናቴም እሑድ መኮሮኒ መሥራት ተወች።

ዛሬ እኔ ራሴ ሽማግሌ ነኝ። እሑድ ልጆቼ ሲመቻቸው ይመጣሉ። አንዷ ሌላ ቤተክርስቲያን መሄድ ጀምራለች ይባላል፤ ወንዱ ምግብ ቀርቦ ስልኩን ያያል፣ ኳስ ይሁን ጸሎት አላውቅም። የልጅ ልጄ በኦሮምኛ ይባርክልናል፣ ሁላችንም አሜን እንላለን፣ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ቤቴ ሰላም ነው፣ ተመስገን። ልጄን ምን እያየህ ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። አባቴ ቢሆን ይጠይቀው ነበር፤ ጠይቆም ይጣላው ነበር።